ደጅ በከፈትን ቁጥር

(በዓመታዊው የመስክ ፕሮጀክት ሠራተኞች ጉባኤ፣ በመክፈቻው ዕለት ጠዋት የቀረበ ትምህርት። ያቀረቡት በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ኦፊሰር የሆኑ ዲያቆን ናቸው።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዚህን ጉባኤ መርሐ ግብር ያዘጋጁት ወንድሞች ከሪፖርቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ለትምህርት መድበው፣ በዕለት ተዕለት ኑሯችን የእግዚአብሔርን ቅርበት ስለ ማስተዋል እንድናገር ጠይቀውኛል። በተጠየቅሁበት ቀን ደስ አለኝ፤ በማግሥቱ ግን ፈራሁ። ለማያውቁት ሕዝብ መስበክ ይቀላልና። እናንተ የምታውቁኝ በመስክ ነው። መኪና ሲዘገይ ምን እንደምሆን፣ ደረሰኝ ሲጠፋ ድምፄ እንዴት እንደሚለወጥ አይታችኋል። ስለዚህ ከፍ ካለ ቦታ ልጀምር ብል እናንተው ትታዘቡኛላችሁ። በደንብ ከማውቀው እነሣለሁ፤ እርሱም እግዚአብሔር ቅርብ ሆኖ ሳለ እኔ ያላየሁበት ቀን ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት በአንድ የደጋ ቀበሌ ያጎለበትነውን ምንጭ ለሕዝቡ ለማስረከብ ሄድን። መኪና ከሚቆምበት እስከ ምንጩ ድረስ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ቀድሞ እናቶች የሚቀዱት ሰውም ከብትም በጋራ ከሚጠጣበት ኩሬ ነበር። የዚያን ዕለት ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፤ ቦኖው ተከፈተ፤ ሕዝቡም እልል አለ። እኔ በእጄ መጠይቅ ይዣለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሃያ አባወራና እማወራ መልስ ሞልቼ ወደ መኪናው መመለስ ነበረብኝ። መጀመሪያ ከቀዱት መካከል አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። ጄሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር አስቀመጡና በሁለት እጃቸው ጥቂት ውኃ ተቀብለው፣ ሳይጠጡት፣ ዝም ብለው ያዩት ጀመር። ቀረብ ብዬ፣ «እናቴ፣ ቀድሞ ውኃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎት ነበር?» አልኋቸው። አልመለሱልኝም። ያልሰሙኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ጥቂት ታገሠኝ፤ እያመሰገንሁ ነው» አሉኝ። ከዚያም እንደ መገረም ብለው፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ዲያቆን ነው ብለውኝ ነበር» አሉ።

በመጠይቁ ላይ «ሦስት ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ በሪፖርቱም ገብቷል። ለዚያ ምንጭ የወጣውን ሲሚንቶ በከረጢት ቆጥሬ አውቀዋለሁ፤ የቧንቧውን ርዝመት ዛሬም ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ውኃውን ግን እርሳቸው እንዳዩት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላየሁትም። እርሳቸው በእጃቸው የያዙት ውኃ የእግዚአብሔር ስጦታ ነበር፤ እኔ የያዝሁት የፕሮጀክት ውጤት ነበር። ውኃው ግን አንድ ነው።

የእኛ ሥራ ከሌላው ሥራ የተለየ ፈተና ያለበት ይመስለኛል። ነጋዴ ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ መራቁን ያውቀዋል፤ እሑድ ሱቁን ሲከፍት ደወሉን ይሰማል፣ ልቡም ይወቅሰዋል። እኛ በምን እናውቀዋለን? ደብዳቤያችን ላይ መስቀል አለ። የመኪናችን በር ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም ተጽፏል። የምናበላው በእርሷ ስም ነው፤ የምንጓዘውም በእርሷ ተልከን ነው። ስለዚህ የእግዚአብሔርን ሥራ መሥራትና ከእግዚአብሔር ጋር መሆን አንድ መስሎ ይታየናል። ማርታን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 እንደምናገኛት አስቡ። የምታዘጋጀው ለራሱ ለጌታ ነበር፤ ጌታም ማዕዷን አልናቀም። የነቀፈው በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው። በቤቷ ተቀምጦ ሳለ፣ ለእርሱ እየሠራች፣ ከእርሱ ርቃ ነበር። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ስለ ሌሎች ሰዎች አስተምሬበታለሁ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ነገሩ የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከፋ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጸሎት ከአፌ እንጂ ከልቤ አልወጣም። በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡን ለጸሎት እንዲነሣ የሚያዝዘው ዲያቆን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። እኔም ሕዝቡን እያስነሣሁ ልቤ በሩብ ዓመቱ የበጀት አፈጻጸም ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ እየነገርሁ እኔ በሐሳብ ወደ ቢሮዬ እመለከት ነበር። አባቶች ይህን ሕመም ሀኬት ይሉታል። እኔ ግን ድካም ነው፣ የሥራ ብዛት ነው፣ ዕረፍት ብወጣ ይተወኛል እያልሁ ስም ለወጥሁለት። ዕረፍትም ወጣሁ፤ አልተወኝም።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። የጠበቅሁት ብዙ ስግደትና ረጅም ጸሎት እንዲያዝዙኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይህን የማልፈጽምበትን ምክንያትም አዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። እርሳቸው ግን ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «በቀን ስንት ደጅ ትከፍታለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። «የምትቆጥር ሰው አይደለህም እንዴ? ቁጠርና ንገረኝ» ብለው አሰናበቱኝ። ወደዚህ ነገር ቆይቼ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን የተነሣንበትን ጉዳይ በአባቶቻችን ቋንቋ እንየው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ለመግለጥ ስንሻ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው «ተመስጦ» ነው። ቃሉ መሠጠ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን መነጠቅን ያመለክታል። ተመስጦ ያገኘው ሰው ልቡናው ከዚህ ዓለም ተነጥቆ በእግዚአብሔር ፊት ይቆማል። ምሳሌያችን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ታሪኩ እንደሚነግረን በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ሲፈስስ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 12 እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀ ሰው ይናገራል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ጸጋ እንደ መሆኑ እግዚአብሔር ለወደደው የሚሰጠው ነው፤ በሥራ ዕቅዳችን ውስጥ ልናስገባው አንችልም። ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን ቅርበት በዚህ መለኪያ ብቻ ስለምንለካ፣ እግራችንን እሾህ ሲወጋን የምናውቅ ሰዎች በመሆናችን፣ ነገሩ ለእኛ አልተፈቀደም ብለን እንተወዋለን።

አባቶች ግን ሌላም ቃል አላቸው፤ እርሱም «ተዘክሮ» ነው። እግዚአብሔርን ማሰብ፣ አለመርሳት ማለት ነው። መሠረቱ ዘከረ፣ አሰበ አስታወሰ የሚለው ግሥ ነው። ይህ ቃል ለገበሬውም ለእናቶቻችንም እንግዳ አይደለም። በቅዱሳን ስም ጠላና ዳቦ አዘጋጅተን ችግረኛ የምናበላበትን ቀን ምን እንለዋለን? ዝክር እንለዋለን። ለሞተ ሰው በ40ኛው ቀን የምናደርገውንስ? ተዝካር። ሦስቱም የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። በሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን እንደ ሰዋስው ጉዳይ ተምሬ አልፌው ነበር። አሁን ግን ቋንቋው ራሱ እየመከረን ይመስለኛል፤ እግዚአብሔርን በልብ ማሰብና የተራበውን በእጅ ማጉረስ በአንድ ስም ተጠርተዋልና። የእኛ ኮሚሽን ሥራ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ እንዳይቀር እሠጋለሁ።

እግዚአብሔርን እያሰቡ መሥራት እንዴት እንደሚቻል የግብፅ በረሃ አባቶች በታሪካቸው ትተውልናል። ታላቁ አባ እንጦንስ በበረሃ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ታወከ፤ ሐሳብ አስጨነቀው። ምን ባደርግ እድናለሁ ብሎ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል አንድ ሰው አየ፤ ሰውዬው ተቀምጦ ይሠራል፤ ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል፤ እንደገና ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፤ እንደገና ለጸሎት ይቆማል። የጌታ መልአክ ነበር። እንጦንስም እንዲህ ቢያደርግ እንደሚድን ሰማ፤ ደስም አለው። እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገርመኝ መልአኩ ገመድ መጎንጎኑ ነው። ለተጨነቀው መነኩሴ ብርሃን ወይም የመላእክት ዝማሬ ሊታየው ይችል ነበር። የታየው ግን የራሱ የዕለት ሥራ ነው፤ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል።

ሌላው አባ ሉክዮስ ነው፤ በእስክንድርያ አጠገብ ይኖር የነበረ። ሳናቋርጥ ስለምንጸልይ በእጃችን ሥራ አንሠራም የሚሉ ሰዎች ወደ እርሱ መጡ። «አትበሉምን?» አላቸው። እንበላለን አሉት። «ስትበሉ ማን ይጸልይላችኋል?» መልስ አልነበራቸውም። ስለ እንቅልፋቸውም እንዲሁ ጠየቃቸው። ከዚያ የራሱን ነገራቸው። ሰሌኑን በውኃ ዘፍዝፎ ገመድ እየጎነጎነ እግዚአብሔር እንዲምረው ይለምናል፤ ቀኑን እንዲህ ውሎ 16 ሳንቲም ያህል ያገኛል፤ ሁለቱን በደጁ ያስቀምጣል፤ በቀረው ምግቡን ይገዛል። ያን ሁለት ሳንቲም የወሰደው ችግረኛ፣ አባ ሉክዮስ ሲበላና ሲተኛ ይጸልይለታል። ሐዋርያው ሳታቋርጡ ጸልዩ ያለው እንዲህ ይፈጸማል አላቸው። አስተውሉ፤ የአባ ሉክዮስ ጸሎት ያለዚያ ችግረኛ ሙሉ አይደለም። እኛ በሪፖርታችን «ተጠቃሚ» ብለን የምንጽፈው ሰው ለእርሱ የሌሊት ጸሎቱን የሚያሟላለት ባልንጀራው ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ቀኑን ራሱን በጸሎት ምልክት አድርጋበታለች። ፍትሐ ነገሥት ያዘዛቸው ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተስዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሥርዓት ከሌሎች ይልቅ የቀለለ ነው፤ ምክንያቱም የሰዓት አቆጣጠራችን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር አንድ ነው። ሠለስት ማለት ሦስት ሰዓት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት። ቀትር ስድስት ሰዓት ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት። ተስዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ነፍሱን የሰጠበት። ሠርክ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ወደ መቃብር የወረደበት። አሁን የቢሮ ቀናችሁን አስቡት። በሦስት ሰዓት ስብሰባ እንጀምራለን፤ በስድስት ሰዓት ለምሳ እንወጣለን፤ በዘጠኝ ሰዓት ሻይ እንጠጣለን፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተር እንዘጋለን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ቀኑን ሙሉ ወንጌል ሲያነብልን ይውላል።

(እኔ በመጀመሪያ ይህን በስልኬ ማንቂያ አደርገው ነበር። አንድ ቀን ከረጂ ድርጅት እንግዶች ጋር በስብሰባ ላይ ሳለን በዘጠኝ ሰዓት ጮኸና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ የግድግዳው ሰዓት ይበቃኛል።)

በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ቆሞ ውዳሴውን፣ ዳዊቱን፣ ሰዓታቱን የሚያደርስ ብፁዕ ነው። የማይችል ሰው ግን ጨርሶ ከሚተወው አንዲት ትንፋሽ ቢሰጥ ይሻላል። «አቤቱ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ በር ከመክፈት አይበልጥም።

እንግዲህ ወደ ደጁ ልመለስ። አባቴ እንዳዘዙኝ ቆጠርሁ። ከቤቴ በር፣ ከታክሲው፣ ከቢሮው ግቢ፣ ከየክፍሉ፣ ከመኪናው፣ ከመጋዘኑ፣ ማታ እስከ ልጆቼ ክፍል ድረስ ሠላሳ አንድ ደጅ ከፍቼ ነበር። ነገርኋቸው። «እንግዲያው ከእያንዳንዱ በፊት አንድ ጊዜ ማረኝ በል፤ ከደጁ ማዶ ማን እንዳለም እወቅ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላዘዙኝም። ይህ ለአንድ የሥነ መለኮት ዲፕሎማ ላለው ሰው ትንሽ መስሎ ታየኝ፤ ለሕፃን የሚሰጥ ትእዛዝ መስሎኝ ቅር አለኝ። ከሠላሳ አንዱ ግን በመጀመሪያው ቀን ያስታወስሁት አራቱን ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አሥር ደረስሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ ሙቀትም ዕንባም አልመጣም። ወደ መተው ተቃርቤ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በክፍያ ጉዳይ ተቆጥቼ ወደ ሒሳብ ክፍል ወረድሁ። የምናገረውን በደረጃው ላይ አሰናድቼ ነበር፤ የሚያስቆጣ ንግግር ነበር፤ ደግሞም እውነት ነበረ። እጄ የበሩን እጀታ ሲይዝ ከልማድ የተነሣ ከንፈሬ «ማረኝ» አለ። ከደጁ ማዶ ማን አለ? አልሁ። ገባሁ። ባልደረባዬ እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ ባላውቅም አስቀድሜ «ደኅና ነህ ወይ?» አልሁት። ልጁ ታሞበት ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበር። ወረቀቴን ኪሴ ከትቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። የክፍያው ጉዳይ በማግሥቱ ተነጋግረን አለቀ፤ ስሕተቱም በከፊል የእኔ ሆኖ ተገኘ።

በዚያች ክፍል የሆነውን አሳንሼም አግንኜም መናገር አልወድም። ራእይ አላየሁም። ብቻ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ እየጸለይሁ እንደ ነበር አወቅሁ፤ ቃል ሳልናገር። ሌላም ነገር ተገለጠልኝ። ስጠብቀው የነበረው በውስጤ የሚሆን ስሜት ነበር፤ የመጣው ግን ባልንጀራዬን ማየት ሆኖ ነው። የኤማሁስ መንገደኞች ነገር ትዝ አለኝ። ሉቃስ በምዕራፍ 24 እንደጻፈልን ጌታ አብሯቸው ሲሄድ አላወቁትም፤ ያወቁት እንጀራውን ሲቆርስ ነው፤ ልባቸው በመንገድ ይቃጠል እንደ ነበርም ያስታወሱት ከሄደ በኋላ ነው። ያዕቆብም እንዲሁ እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ እንደነበረ ያወቀው ከእንቅልፉ ሲነቃ ነው። ቅርበቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ወደ ኋላ ተመልሰን ስናይ ስለሆነ፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት በንዋም ጸሎት ጊዜ ቀኑን ከደጅ ደጅ መልሶ መሄድ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የትኛው ደጅ ላይ ሰው አየሁ? የትኛው ላይ ፋይል ብቻ አየሁ?

ይህን ስናገር አዲስ ነገር ያገኘሁ እንዳይመስልብኝ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ሊጥ ስታቦካ በላዩ ታማትባለች፤ ምጣዱን ስታሰማ ታማትባለች፤ እሳት ስታዳፍን ስመ ሥላሴ ትጠራለች። ሰው «እንደምን አደርሽ?» ሲላት መልሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እኔ ተምሬ ስመለስ ይህን ሁሉ ልማድ ነው ብዬ አቃልዬው ነበር። ልማድስ ነው። ነገር ግን በክፉ ቀን ልብ ሲደርቅ እጅን ወደ ግንባር የሚወስደው እርሱ ነው። በእኛው መካከልም ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚያሽከረክሩ አንድ አባት አሉ፤ እዚህ ተቀምጠው ስለሚሰሙኝ ስማቸውን አልጠራም። መኪና ከማስነሣታቸው በፊት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ምን እንደሚሉ ጠየቅኋቸው። «እግዚኦ እላለሁ፤ ከዚያ ማርሽ አስገባለሁ» አሉኝ። ከእርሳቸው ጋር ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዝሁ አስቡ፤ መምህሬ ከጎኔ ነበሩ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ስሜትን ማደን ይጀምራል፤ ዛሬ ጣዕም አገኘሁ፣ ነገ አጣሁ እያለ የራሱን ልብ ብቻ ሲያዳምጥ ይውላል። ይህ በመንፈሳዊ ልብስ የመጣ ራስን መውደድ ነው። በመጽሐፈ መነኮሳት ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱን የጻፈልን ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በጥቂት ወራት ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃ የገባ አባት ነው። ከእርሱ የበለጠ ጸጥታን የወደደ የለም። ነገር ግን የሚራራ ልብ ምን እንደሆነ ሲያስተምር ለሰው ብቻ ሳይሆን ለወፎች፣ ለአራዊት፣ በምድር ለሚሳቡትም ሁሉ የሚቃጠልና የሚያለቅስ ልብ መሆኑን ይናገራል። የበረሃው ጸጥታ ያደረሰው እዚያ ነው። የእኛ ጸሎት ወዴት እያደረሰን እንደሆነ በዚህ መመርመር ይቻላል።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያን ጊዜ አብረውኝ የነበሩት ይወቅሱኛል። በ2014 ዓ.ም. ተፈናቃይ ወገኖቻችን በተጠለሉበት አንድ ትምህርት ቤት ብርድ ልብስ እናድል ነበር። በአንደኛው መማሪያ ክፍል ጥግ አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣለች። ሕፃኗ በዚያው ሌሊት ሞቶባታል። ብርድ ልብሱ የደረሰው በማግሥቱ ነው። ቆሜ ሳለሁ አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ዲያቆን ነኝና። ሁላችንም የምናውቀው ቃል ወደ አፌ መጣ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እርሱ ቅርብ ነው ልላት። ቃሉ እውነት ነው። ግን በዚያች ሰዓት ከእኔ አፍ ቢወጣ እኔን ከዚያ ክፍል ቶሎ ለማውጣት የሚያገለግል እንደሚሆን አውቄ ዝም አልሁ። የምችለው ጠፍቶኝ ብርድ ልብሱን አጠገቧ አስቀመጥሁ።

ከእኛ ጋር ከአቅራቢያው ገዳም የመጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ዕቃ ያከፋፍላሉ ብለን ነበር ያመጣናቸው። ገቡና በሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ከሴቲቱ ጎን፣ ትከሻቸው ትከሻዋን እስኪነካ ተጠግተው ተቀመጡ። ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከዚያ አልተነሡም። መጽሐፍ አልከፈቱም፤ አላጽናኗትም። አንድ ጊዜ ውኃ ሰጧት፤ ጠጣች። ማታ በመኪናው ውስጥ፣ «እማሆይ፣ ምን ብለው ሲጸልዩ ዋሉ?» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «አጠገቧ ነበርሁ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው እስከ ከተማ ድረስ ዝም አሉ።

እናቲቱ በዚያ ቀን የእግዚአብሔር ቅርበት ተሰምቷት እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም፤ የሚጠየቅም አይመስለኝም። ስለ ራሴ ግን እመሰክራለሁ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ እርሱ ከእኛ ጋር መሆኑን ያመንሁት በዚያ ወለል ላይ በተቀመጡት እማሆይ ነው። አማኑኤል የሚለውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ትርጓሜውንም ተፈትኜበታለሁ። እግዚአብሔር ከሩቅ ሆኖ ቃል አልላከልንም፤ መጥቶ በወለላችን ላይ ተቀመጠ።

የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳችን የውኃ ፕሮጀክቶች አፈጻጸም እንደሆነ በመርሐ ግብሩ አይቻለሁ። መጠይቆቹ ተባዝተው በጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸውም ያን ቀን የያዝሁት ጥያቄ በአራተኛ ተራ ቁጥር አለ። ጥያቄው መልካም ነው፤ እንዲወጣ አልጠይቅም። ከግድግዳው ሰዓት እንደማየው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋል። አባቶች ይፈቀድልኝና ተነሥተን የሠለስቱን ጸሎት አብረን እናድርስ፤ ከዚያ ወደ አጀንዳችን እንገባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።